በዝምታ የተስተካከለው ሂሳብ

መልእክቱ በቴሌግራም የመጣው ደሞዝ በገባ ማግስት፣ ገና ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ነው። «ጋሼ፣ እንደምን አደሩ? ከዛሬ ጀምሮ ሥራ አልገባም። ስላደረጉልኝ ሁሉ አመሰግናለሁ።» የላከችው በአንድ አስመጪ ድርጅት የተቀጠረች ጀማሪ የሂሳብ ሠራተኛ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ የመውጫ ፈተናዋን አልፋ፣ ሥራ ከጀመረች ሰባተኛ ሳምንቷን ይዛ ነበር። የደረሰው ደግሞ በሙያው ሲሠራ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቢሮው በሙሉ የሚያከብረው የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ነው። ስልኩን ይዞ ወደ ሰው ሀብት ክፍል መጣና አሳየን። «የዛሬ ልጆች! እንግዲህ ምን ይደረጋል» ብሎ ወደ ሥራው ተመለሰ።

እኔን ግን ነገሩ አልለቅ አለኝ። መልእክቱን ደጋግሜ ባነበውም ስድብ የለበትም፣ ቅሬታ የለበትም፤ ሰላምታም ምስጋናም አለው። ሕግ ጥሳለች እንዳይባልም በሙከራ ጊዜ ላይ ናት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ የሚጠየቀው የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ነው፤ በሙከራ ላይ ያለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ይችላል። እንግዲህ ነገሩ ባለጌነት ካልሆነ፣ ሕገወጥነትም ካልሆነ፣ ሥራ አጥቶ በየቢሮው ማመልከቻ ማስገባት ምን እንደሆነ የምታውቅ ልጅ የያዘችውን እንጀራ የሚያስጥላት ምን አገኛት?

መልሱ የተገኘው በኋላ፣ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን ልትወስድ በመጣች ጊዜ ነው። ግማሹን እሷ ነገረችን፣ ግማሹን እሱ።

የጠፋው 1,800 ብር

ወር መዝጊያ ነው። የተሰጣት ሥራ የባንክ ሪኮንሲሌሽን ነበር፤ የባንኩን ስቴትመንት ፒችትሪ በሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ከተመዘገበው የድርጅቱ ሂሳብ ጋር ማስታረቅ። ትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ ግን የመማሪያው ምሳሌ አሥር መስመር ነው፣ እዚህ ያለው ከሁለት መቶ በላይ። ቼኮቹን አንድ በአንድ ምልክት አደረገች። ወጥተው ገና ያልተመነዘሩትን ለየች። ገቢ ሆነው ስቴትመንቱ ላይ ያልደረሱትን ለየች። ባንኩ የቆረጠውን የአገልግሎት ክፍያ መዘገበች። ሁሉንም በትክክል ነው የሠራችው። መጨረሻ ላይ ግን 1,800 ብር ልዩነት ቀረ፤ ከየት እንደመጣ አይታወቅም።

አንድ ቀን ከግማሽ ፈለገችው። በሁለተኛው ቀን ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ኃላፊዋ በአጠገቧ ሲያልፍ ስክሪኗን አየና «ተይው፣ ነገ ይታያል፤ አሁን ግቢ፣ ታክሲ ሳይጠፋ» አላት። እሷ ሄደች። እሱ ቁጭ ብሎ 1,800ን ለ9 አካፈለ። ያለ ቀሪ 200 መጣ። ልዩነት ለ9 ያለ ቀሪ ከተካፈለ ብዙ ጊዜ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠዋል ማለት እንደሆነ የቆየ ሂሳብ ሠራተኛ ሁሉ ያውቃል። ስለዚህ ሁለት መቶውን መስመር አላነበበም፤ አሃዛቸው ሊለዋወጥ የሚችሉትን ብቻ እያየ ወረደ። 54,200 ብር የተጻፈበት ቼክ በፒችትሪ 52,400 ተብሎ ገብቷል። አስተካከለ፣ አተመ፣ ፈረመ፣ ፋይሉ ውስጥ አስገባ። አሥር ደቂቃም አልፈጀበት።

በማግስቱ ስትገባ ሪፖርቱ ተዘግቷል። ማንም ምንም አላላትም። ጠረጴዛዋ ላይ በቁጥር ቅደም ተከተል የሚደራጅ የቫውቸር፣ ማለትም የክፍያ ማስረጃ ሰነድ፣ ክምር ተቀምጧል። ያንን ስታደራጅ ሰነበተች፤ ደሞዝ ገባ፤ መልእክቱን ላከች።

ከታሪኩ ሁሉ እኔ የማልረሳው ያንን ጠዋት ነው። እሱ ሲጠየቅ የሰጠው መልስ «እንዳላሳፍራት ብዬ ነው» የሚል ነበር፤ እውነቱን ነው። ሰው ፊት ሳያዋርድ፣ ሳይቆጣ፣ የራሱን ሰዓት ሰውቶ ሸፈነላት። በእሱ ሚዛን ይህ ደግነት ነው። እሷ ደግሞ «ሥራውን ወሰዱብኝ፤ ከዚያ በኋላ ምንም አልሰጡኝም፤ እንዳልፈለጉኝ ገባኝ» አለች። እሷም እውነቷን ነው። የት እንደተሳሳተች አላወቀችም፤ እንዴት እንደተገኘ አላየችም፤ ያወቀችው ነገር ቢኖር ሥራው ከእጇ መውጣቱን ብቻ ነው።

ድሮ ሳይነገር እንዴት ይታወቅ ነበር?

«እኛን ማን አስተማረን? እያየን ነው የለመድነው» የሚለው የታላላቆች ክርክር ብዙ እውነት አለው። ግን «እያየን» የሚለው ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። የሂሳብ ክፍል ማለት ድሮ አንድ ሰፊ ክፍል ነበር፤ መሃል ላይ ትልቁ መዝገብ ተዘርግቶ ዋናው ሂሳብ ሹም እርሳሱን ይዞ ጮክ እያለ ይደምራል። ሲሳሳቱም ጮክ ብሎ ነው፤ «ለ9 አካፍለው!» የሚለው ድምፅ ለአንዱ ተብሎ ሲነገር ሌሎቹ አራቱም ይሰሙታል። የአንዱ ስህተት የሁሉም ትምህርት ነበር።

አሁን መዝገቡ ስክሪን ውስጥ ገብቷል፤ ስክሪኑ ደግሞ የሚያየው ወደ አንድ ሰው ነው። አዋቂው ሲሠራ ከኋላው የሚታየው ጀርባው ብቻ ነው። ጥያቄው በቴሌግራም ይሄዳል፣ መልሱ በቴሌግራም ይመጣል፣ ማንም ከጎን ሆኖ አይሰማም። እዚያው ክፍል ውስጥ ሦስት ሜትር ርቀው ተቀምጠው ሙያው ግን ከአንዱ ወደ ሌላው አይተላለፍም። ይህን ወጣቶቹ አላመጡትም፤ የሥራው መሣሪያ ሲለወጥ አብሮ የመጣ ነው። ድሮ በአየር ላይ ይገኝ የነበረውን ትምህርት ዛሬ አንድ ሰው አስቦበት፣ ጊዜ መድቦ ካልሰጠ በቀር አይገኝም።

ሌላም አለ። ይህ ትውልድ ሁሉን ነገር ወዲያው ምላሽ እያገኘበት ነው ያደገው። የፈተና ውጤቱን ስልኩ ላይ ያያል፤ የላከው መልእክት ተነብቦ እንደሆነ ሁለቷ ምልክት ትነግረዋለች። ተነብቦ ዝም ሲባል ትርጉሙን ያውቀዋል፤ አልፈለጉኝም ማለት ነው። የታላቅየው ዝምታ ትዕግሥት፣ አንዳንዴም አክብሮት ነው። ታናሽየው ግን እንደ መባረር ያነበዋል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብሎ ሊጡን ከልጁ እጅ ተቀብሎ ራሱ የሚጋግር ኃላፊ የዛሬን ራት ያድናል፤ በሚቀጥለው ወር መዝጊያም ግን ብቻውን ማምሸቱ አይቀርም።

ስህተት እንዴት ይታረም?

ጊዜው በዚያው ቀን፣ ካልሆነ በማግስቱ ጠዋት መሆን አለበት። ከሦስት ቀን በኋላ የሚመጣ እርማት ቂም ተይዞ የቆየ ይመስላል፤ ልጁም ምን እንዳሰበ፣ ለምን 52,400 ብሎ እንደጻፈ ረስቶታል። ቦታው የልጁ ወንበር ነው፤ ማውሱ በልጁ እጅ ይሁን። አዋቂው ቆሞ ወይም ከጎን ተቀምጦ በአፉ ብቻ ይሠራል። ይህች ነገር ትንሽ ትመስላለች፤ ግን ኃላፊው ማውሱን በያዘባት ቅጽበት ትምህርቱ ያበቃል። እጁ ይፈጥናል፣ ልጁ «አዎ፣ አዎ» ይላል፣ ምንም አልገባውም።

ንግግሩ ከትክክለኛው ሥራ ቢጀምር ጥሩ ነው፤ ግን በስም እየጠሩ። «ጎበዝ ነሽ፣ ግን…» የሚለው ሁለቴ ከተሰማ በኋላ የሚሰማው «ግን» ብቻ ነው። «ያልተመነዘሩትን ቼኮች በትክክል ለይተሻል፣ የባንኩን ክፍያም አልዘነጋሽም፤ የቀረው ይህ 1,800 ነው። ለ9 አካፍይው እስቲ» ማለት ሌላ ነገር ነው። ከዚያ ዝም ብሎ መጠበቅ። ራሷ ታግኘው። 54,200ን በገዛ ዓይኗ ያየች ልጅ ያችን ዘዴ ዕድሜ ልኳን አትረሳትም።

አብረው የሚነገሩም አሉ። አንድ ዜሮ ስትወድቅ፣ ማለትም 5,400 የነበረው 540 ተብሎ ሲገባ፣ ልዩነቱ 4,860 ነው፤ እሱም ለ9 ይካፈላል። ልዩነቱ ለ9 ካልተካፈለ ደግሞ ግማሹን መፈለግ ነው፤ 6,500 ከሆነ 3,250 ብር ዴቢት መሆን ሲገባው ክሬዲት ተደርጎ ልዩነቱን እጥፍ አድርጎት ሊሆን ይችላል። እሱም ካልሆነ ልዩነቱን እንዳለ መፈለግ፤ ጨርሶ ሳይመዘገብ የቀረ አንድ ክፍያ ሊኖር ይችላል። እነዚህን አራት ነገሮች ልጅቷ በራሷ እጅ ጽፋ ስክሪኗ ጠርዝ ላይ ትለጥፋቸው። ኃላፊው አትሞ ቢሰጣት መሳቢያ ውስጥ ነው የሚገባው።

ሁሉም ተደርጎ አንዱ ከቀረ ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ የሚቀጥለው ወር ሪኮንሲሌሽን ለእሷው መሰጠት አለበት። የተሳሳቱበትን ሥራ መነጠቅ ከማንኛውም ቁጣ የበለጠ ይናገራል።

«ወር መዝጊያ ላይ ሃያ ደቂቃ ከየት ይመጣል?» የሚሉ ኃላፊዎች እውነት አላቸው። የግብርና የጡረታ ማሳወቂያ ቀነ ገደብ ማንንም አይጠብቅም። መፍትሔው የመጀመሪያውን ልምምድ ከወር መዝጊያው ማውጣት ነው። ባለፈው ወር የተዘጋ፣ መልሱ የታወቀ አንድ የባንክ ሂሳብ፣ ከሠላሳ እስከ አርባ መስመር ያለው፣ በወሩ አጋማሽ ይሰጥ። ቢሳሳት የሚጎዳ ነገር የለም። እዚያ ላይ የታየው ስህተት እውነተኛው ላይ አይደገምም፤ ቢደገምም ልጁ ስሙን ያውቀዋል።

በክፍሉ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ስለሚደረግ እርማት ብዙ ማለት አያስፈልግም። አይደረግ።

ጥያቄ የማይጠይቅ ልጅ

«ጥያቄ ካለሽ ጠይቂ ብያታለሁ እኮ!» ይላሉ። ብለዋታል። ግን «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እየተባለ ባደገ ልጅ አፍ ላይ ጥያቄ እንዲህ በቀላሉ አይመጣም። ቤት ውስጥ የጠየቀ ልጅ ደፋር ተብሏል፤ መቶ ተማሪ በታጨቀበት ክፍል የጠየቀ ተስቆበታል። ቢሮ ሲገባ በአንድ ቀን እንዲለወጥ መጠበቅ አይቻልም። «ግልጽ ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ «አዎ» ከማለት ሌላ የተማረው መልስ የለም።

የሚሠራው የጥያቄውን አቅጣጫ ማዞር ነው። ሥራ ተሰጥቶ ሲያበቃ «በመጀመሪያ የትኛውን ፋይል ትከፍቻለሽ?» ብሎ መጠየቅ፤ ቀጥሎ «መቼ ስትደርሺ ታሳዪኛለሽ?»። ሁለቱ ጥያቄዎች ከአንድ ደቂቃ አይበልጡም፤ ያልገባትን ግን ወዲያው ያወጡታል። ሌላው ዘዴ አሥረኛውን መስመር መጠየቅ ነው፤ «አሥር መስመር ስትጨርሺ ጥሪኝ»። ሁለት መቶው ካለቀ በኋላ የተገኘ ስህተት ሁለት መቶ ጊዜ ተደግሟል፤ አሥረኛው ላይ የተገኘ አሥር ጊዜ ብቻ።

ለጥያቄም ሰዓት ይኑረው። ለምሳሌ ከሰዓት በኋላ ከዘጠኝ እስከ ዘጠኝ ተኩል ኃላፊው ለጥያቄ ክፍት ነው ከተባለ፣ ልጅቷ ጥያቄዎቿን ሰብስባ ትይዛለች፤ እሱም በየአምስት ደቂቃው አይቋረጥም። ይህ እንዳይሠራ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለት ቀን ኃላፊው በዚያ ሰዓት ከጠፋ ሦስተኛው ቀን ማንም አይመጣም።

ስለ ቴሌግራም በመጀመሪያው ቀን መስማማት ይሻላል፤ የትኛው በመልእክት፣ የትኛው በስልክ፣ የትኛው በአካል እንደሚነገር። ፈቃድ መጠየቅና ሥራ መልቀቅ በአካል መሆን አለበት ብሎ የሚያምን ኃላፊ አስቀድሞ ይናገር። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት «ያንን ፋይል ላኪልኝ» ማለትም ሥራ ማዘዝ ነው። አዋጁ የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይከለክላል፤ ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ለሚሠራው የመደበኛው ሰዓት ክፍያ በ1.5 ተባዝቶ ይከፈላል። ወጣቶቹ ይህን ያውቃሉ፤ ስልካቸው ላይ አለ። አያውቁም ብሎ መነሳት አክብሮትን ያሳጣል።

60 የሥራ ቀናት

የቀድሞው አዋጅ 377/1996 ለሙከራ የሰጠው 45 ተከታታይ ቀናት ነበር። አሁን ያለው እስከ 60 የሥራ ቀናት ይፈቅዳል፤ በሳምንት ስድስት ቀን ለሚሠራ ድርጅት 10 ሳምንት፣ አምስት ቀን ለሚሠራ 12 ሳምንት ማለት ነው። ለማስተማርም ለመመዘንም ይበቃል። የሚባክነው ብዙ ድርጅት ውስጥ ጊዜው ሲያልቅ፣ ሃምሳ ስምንተኛው ቀን ላይ፣ «ቅጹን ሙሉልን» ስለሚባል ነው። ያን ጊዜ ኃላፊው የሚያስታውሰው የመጨረሻዋን ሳምንት ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ቀን ላይ ደሞዙን በወረቀት ማስላት ከምንም በላይ ይጠቅማል። ልጁ በደብዳቤው ላይ ያየው ያልተጣራውን ነው፤ የመጀመሪያው ደሞዝ ሲገባ ጎድሎ ሲያገኘው የተታለለ ይመስለዋል። የሥራ ግብሩ ይህን ያህል፣ ለጡረታ ከአንተ 7 በመቶ፣ ድርጅቱ ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፣ በእጅህ የሚገባው ይህ ነው ተብሎ ቢነገረው አምስት ደቂቃ ነው። እዚያው ላይ የትራንስፖርቱ ነገር ይነሳ። ከአዲስ አበባ ዳር፣ ከኮዬ ፈጬ ወይም ከየካ አባዶ የሚመጣ ልጅ አንድ ሰዓት ተኩል ቀድሞ ካልወጣ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አይደርስም፤ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ ገብቶ ግማሽ ሰዓት ዘግይቶ መውጣት የሚቻልበት ሥራ ከሆነ በጽሑፍ ይፈቀድለት። የማይቻል ከሆነም፣ ለምሳሌ ካሸር ከሆነ፣ ምክንያቱ ይነገረው። በአዋጁ በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ማርፈድ፣ በየጊዜው በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ ከሆነ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ወዲያው ያሰናብታል። ይህን ስምንተኛው ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ቀን መስማት አለበት።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቀጠሮ ይበቃል፤ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ፣ በአምስተኛው፣ በስምንተኛው። እያንዳንዱ ሠላሳ ደቂቃ ነው። ኃላፊው ይዞ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ ልጁ ብቻውን የሚሠራው ምን እንደሆነ፣ ገና ሰው የሚያስፈልገው ምን ላይ እንደሆነ። «ትጋት»፣ «አመለካከት» የሚሉ ቃላት ማስረጃ ካልተያዘላቸው ቢቀሩ ይሻላል፤ ወጣቶቹን የሚያስኮርፉት እነሱ ናቸው፣ ይግባኝ ስለማይባልባቸው። ያቺ ልጅ በአምስተኛው ሳምንት እንዲህ ዓይነት ቀጠሮ ቢኖራት ኖሮ ሰባተኛው ላይ የደረሰባትን ዝምታ በሌላ መንገድ ታነበው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ተምረውም የማይሠሩ አሉ። ስህተቱ ታይቷል፣ ዘዴው ተነግሯል፣ ሥራው ተመልሶ ተሰጥቷል፤ አሁንም ያው ነው። እንዲህ ሲሆን በስምንተኛው ሳምንት ቀጠሮ ላይ በግልጽ መንገር ነው። ይሉኝታ ይዞት 60ውን ቀን ያሳለፈ ኃላፊ ልጁን በሕግ ቋሚ አድርጎታል፤ ከዚያ በኋላ ማሰናበት ሌላ ሥርዓት፣ ሌላ ማስጠንቀቂያ፣ ብዙ ጊዜም ክርክር አለው። ሙከራውን እንደገና ማስጀመርም አይቻልም፤ ለዚያው ሥራ በዚያው አሠሪ ዳግም የተቀጠረ ሰው ሁለተኛ አይሞከርም።

ለሚሄደው ልጅ የሥራ ልምድ ማስረጃው በሄደበት ቀን ይፈረምለት። ሕጉ ሠራተኛው ሲጠይቅ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ጊዜውንና ደሞዙን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲሰጠው ያስገድዳል፤ «ክሊራንስ ሳትጨርስ» እየተባለ ሦስት ሳምንት ማመላለስ አያስፈልግም። ሰባት ሳምንት ሠርታ ከሆነ ሰባት ሳምንት ተብሎ ይጻፍ፤ የሠራችው የባንክ ሪኮንሲሌሽን ከሆነም እሱው ይጻፍ፣ ቫውቸር ማደራጀት ብቻ ተብሎ እንዳይቀር።